«ሰማይ ላይ ብርሃን ቆሟል» የሚል ሰው ሲመጣ

አምና በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ተማሪዬ ከትምህርት በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «መምህር፣ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የላትም። ማታ ማታ በሸለቆው ላይ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ነገር እየመጣ ይቆማል። ሊያጠቃን የመጣ መስሏት ፈርታለች» አለኝ። በማግሥቱ ታኅሣሥ 4 ቀን ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሰማይ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር ያየ ሰው፣ ተማሪም ይሁን ዘበኛ ወይም ሹፌር፣ ወደ እኔ መምጣት ከለመደ ቆይቷል። እያንዳንዱን እመዘግባለሁ። የምጽፈው እንደ እኔ ሰው ለሚጠይቃቸው ነው፤ ለመምህራን፣ ለአካባቢ ጋዜጠኞች፣ ለቀበሌ ሠራተኞች፣ ለቄሶችና ለሼኾች። ቴሌስኮፕ አያስፈልጋችሁም። ደብተር፣ እርሳስ፣ ስልክና ትዕግሥት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። እናንተ ስትደርሱ ብርሃኑ ሄዷል። የቀረው ያየው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የምትመረምሩት ሰማዩን ሳይሆን የሰውየውን ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። የሳቀበት ሰው ይሰብረዋል፣ የቸኮለ መርማሪም ይሰብረዋል።

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ

ሰውየው ሲናገር መልሱ ወዲያው ቢታያችሁ እንኳ አትናገሩ። «ቬኑስ ናት» ካላችሁ በኋላ የምትሰሙት ሁሉ ወደ ቬኑስ ያዘነብላል። ሰው እንግዳውን ማስደሰት ይወዳል፤ በተለይ እንግዳው የተማረ ነው ተብሎ ከታሰበ። ከጥግ እስከ ጥግ ይናገሩ። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ብትቀዱት ጥሩ ነው፤ ካልፈቀዱ ቃላቸውን እንዳለ ጻፉ።

እኔ የደብተሩን ገጽ በመሐል አጥፌ በግራ «ያዩት»፣ በቀኝ «የመሰላቸው» ብዬ እጽፋለሁ። የተማሪዬ እናት ከቤታቸው ደጃፍ ዱካ አቅርበውልኝ የነገሩኝ በግራ በኩል እንዲህ ሰፈረ፤ አንድ ደማቅ ነጥብ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ የሚፈራረቅ፣ ከቦታው ሳይርቅ የሚንቀጠቀጥ፣ ድምፅ የሌለው፣ በየማታው የሚታይ። በቀኝ በኩል ደግሞ፤ «ሸለቆው ላይ ነው»፣ «ከማዶው ሰፈር አይርቅም»፣ «ይጠብቀናል»።

«ይጠብቀናል» የሚለውን በቃላቸው መጻፌ በኋላ ጠቀመኝ። ልጁ አድፍጦ እንደሚጠብቅ ጠላት አድርጎ ነበር የነገረኝ። እሳቸውን «እማማ፣ ይጠብቀናል ሲሉ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ጸጥ አሉ፤ ከዚያም ጅዳ ያለችው ልጃቸው ከሥራ ወጥታ የምትደውለው ማታ መሆኑን፣ ኔትወርክ የሚገኘው ደጃፍ ላይ ስለሆነ በብርድ ቆመው እንደሚጠብቁ፣ ብርሃኑንም ያዩት ስልኩን ሲጠብቁ መሆኑን ነገሩኝ። ስለ ልጃቸው የመጣ ምልክት መስሏቸው ነበር። እንቅልፍ የነሣቸው ይህ ነው። ልጁ ፍርሃቱን አይቶ ምክንያቱን ከራሱ ጨመረበት። ከሁለተኛ ሰው አፍ የሰማችሁትን ሪፖርት በደብተራችሁ ላይ እንደ ምስክርነት አትቁጠሩት፤ ምስክሩን ለማግኘት የሚያደርስ አድራሻ ብቻ ነው።

ጥያቄያችሁ መልስ ያዘለ አይሁን። «ክብ ነበር ወይስ ሦስት ማዕዘን?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ከሁለቱ አንዱን ይመርጡላችኋል። እርሳሱን ስጧቸውና «እንዴት እንደነበረ ይሳሉልኝ» በሉ። ምስክሮቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ለየብቻ ስሟቸው፣ ያውም ቶሎ። አቦል ላይ ሦስት የነበረው ወሬ በረካ ላይ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዎችን ጠይቃችሁ የምታገኙት አንድ ምስክር ነው።

ሰዓትና ቀን

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ «ማታ 7:30 ላይ ብዙ መብራቶች ተሰልፈው ሲሄዱ አየን» ብላ ጻፈችልኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው ብዬ ወሰድኩት። በዚያ ሰዓት ሰማዩን መላልሼ ብፈትሽ ምንም አላገኘሁም፤ ለቤተሰቡም «የሚታወቅ ነገር አይደለም» አልኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንገናኝ ልጅቷ ያነበበችው የስልኳን ሰዓት እንደነበር ተረዳሁ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ያዩት በአንድ ሮኬት ወጥተው ገና ያልተበታተኑ የስታርሊንክ ሳተላይቶችን ሰልፍ ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ተጠጋግተው አንድ ክፍል ውስጥ ያድሩ ነበር። ያን ስሕተት አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሰዓት በሦስት መልክ እጽፋለሁ፤ በእኛ፣ በስልኩና በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC)። ከምሽቱ 2:37 ማለት በስልክ 20:37፣ በዓለም አቀፉ ደግሞ 17:37 ነው። የሳተላይትና የአውሮፕላን መዝገቦች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በመጨረሻው ስለሆነ ሦስት ሰዓት መቀነስ አትርሱ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «ሐሙስ ሌሊት» ያለ ሰው ለሐሙስ አጥቢያ ይሁን ለዓርብ አጥቢያ ካልጠየቃችሁት አታውቁም። «በማግሥቱ ሥራ ነበር? ገበያ ነበር? ጾም ነበር?» በሉት። ሰዓት ለማያይ ሰው ደግሞ የቀኑን ምልክቶች ያዙለት፤ የሁለት ሰዓት ዜና ጀምሮ ነበር ወይ፣ የዒሻ አዛን ተሰምቶ ነበር ወይ፣ የማኅሌት ደወል ተደውሎ ነበር ወይ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ። እናትየዋ በመጀመሪያው ቀን፣ ኅዳር 28፣ ብርሃኑን ያዩት «ዜናው ሊያልቅ ሲል» ነው። ባለፈው ማታ ግን «ዜናው እንደ ጀመረ» መጥቷል። ይህንን ከነቀኑ በግራ በኩል ጽፌ አሰመርኩበት።

ቀን ምን ያህል እንደሚመዝን የከተማችን ስም ራሱ ይመሰክራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየና ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ በኋላም ቤተ መንግሥታቸውን ተከሉ፤ ስሙም ደብረ ብርሃን ሆነ። ብርሃኑ በ1456 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ይሆናል ብለው የገመቱ የታሪክ ሰዎች አሉ። ዓመቱ ይቀራረባል። በትውፊት የሚጠቀሰው ዕለት ግን መጋቢት 10 ነው፤ ጅራታሟ ኮከብ ጎልታ የታየችው ደግሞ በሰኔ ነው። የሦስት ወር ልዩነት ነው። እኔ በእምነት የተቀበልኩትን በሚዛን ላስቀምጥ ይህን አላነሣሁም። ከአምስት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ አንድን ማብራሪያ የሚያቆመውም የሚጥለውም በዕለቱ የተጻፈ ቀን መሆኑን አስቡት።

ከቆሙበት ቁሙ

ቢሮ ተቀምጣችሁ አትፍረዱ። ሰውየው ከቆመበት ቦታ፣ መጀመሪያ በቀን፣ ከዚያም በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ ቁሙ። በቀን የምትሄዱት ጨለማ የደበቀውን ለማየት ነው። በእኛ አገር ተራራው በሌሊት አይታይም፤ ተራራው ላይ ያለ መብራት ግን ይታያል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰፈር ሙሉ «ሰማይ ላይ የተሰቀለ» ያለው ብርሃን፣ በጠዋት ወጥቼ ሳይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ቤት በረንዳ ላይ የተተከለ የፀሐይ ኃይል አምፖል ሆኖ አገኘሁት። የቴሌ ማማ ቀይ መብራትም ብዙ ሰው አስደንግጧል።

አቅጣጫ ስትይዙ «በምሥራቅ በኩል» በሚል አትርኩ። «ከየትኛው ዛፍ በስተቀኝ? ከጣሪያው ጠርዝ ምን ያህል ከፍ ብሎ?» በሉ። ከዚያ የስልካችሁን ኮምፓስ አውጡ፤ ከቆርቆሮ ግድግዳ፣ ከብረት በርና ከመኪና ጥቂት እርምጃ ራቁ፣ ብረት ኮምፓሱን ያስታልና። ከፍታን በእጅ መለካት ይቻላል። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ጨብጡ፤ የጭብጣችሁ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው፣ የትንሿ ጣት ደግሞ 1 ዲግሪ። ሕፃንም ቢሆን ክንዱ ሲያጥር ጭብጡም ስለሚያንስ ልኩ ይሠራል። ሙሉ ጨረቃ የትንሿን ጣት ግማሽ ብቻ እንደምትሸፍን ስትነግሯቸው ሰዎች አያምኑም፤ እንዲሞክሩት አድርጉ። «የጨረቃን ያህል ነበር» የሚለው ምስክርነት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ይታረማል።

ርቀትንና ትክክለኛ መጠንን ግን አትጠይቁ። በጨለማ ሰማይ ውስጥ ያለን ነጥብ ርቀት ዓይን ሊያውቅ አይችልም። ሰውየው ቢመልስላችሁም መልሱ የሚገባው በቀኝ በኩል ነው። ርቀት የሚታወቀው ሁለት ምስክሮች ከተለያየ ቦታ ሲያዩ ነው። ዐሥር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ከፍታ ካዩት፣ ነገሩ ከሁለቱም ሰፈር እጅግ ሩቅ ነው። አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ካዩት ደግሞ በመካከላቸው ነበር።

እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስለካ ብርሃኑ የወጣው ከማዶው ተረተር፣ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ባዘነበለ አቅጣጫ፣ 108 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተረተሩ ራሱ ከአድማሱ ግማሽ ጭብጥ ከፍ ይላል። ከፊቱ የተቆረጡ የባሕር ዛፍ ጉቶዎች አሉ። «እነዚህ መቼ ተቆረጡ?» አልኳቸው። «በጥቅምት፣ ጎረቤት ሸጧቸው» አሉ።

ዘንድሮ ምን ተለወጠ ብላችሁ ሁልጊዜ ጠይቁ። የተቆረጠ ዛፍ፣ የተቃጠለ የመንገድ መብራት፣ አዲስ የሌሊት ሥራ፣ ውጭ አገር የሄደች ልጅ። ብዙ ጊዜ አዲስ የሚሆነው ተመልካቹ የቆመበት ቦታና ሰዓት ነው።

ለምን ያህል ጊዜ ታየ?

«አምስት ደቂቃ» የሚል መልስ አትቀበሉ። ምስክሩ ያን ጊዜ ያደረገውን እንደገና እንዲያደርግ ጠይቁት፤ ከበሩ ወጣ፣ ወንድሙን ጠራ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እናንተ በሰዓት ያዙ። አንድ ዘበኛ «ሩብ ሰዓት» ያለኝ በዚህ መንገድ 40 ሴኮንድ ሆኖ ወጥቷል። ርዝመቱ ከታወቀ የመልሱ ግማሽ በእጃችሁ ነው።

አንድ ሁለት ሴኮንድ፣ ቢበዛ ጥቂት ሴኮንዶች ከሆነ ተወርዋሪ ኮከብ ነው። ከግማሽ ደቂቃ በላይ የፈጀ፣ ቀስ ብሎ ሰማዩን ያቋረጠ፣ እየተሰባበረ የእሳት ጅራት የጎተተ ከሆነ ግን ወደ ምድር የተመለሰ የጠፈር ፍርስራሽን ጠርጥሩ። ፍርስራሹ በሴኮንድ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ተወርዋሪ ኮከብ የሚሆነው የሰማይ አለት በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ይወረወራል፤ ልዩነቱን ዓይን ያየዋል። ሁለቱም የሚነዱት ከምድር ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች በላይ ስለሆነ አንዱ ብርሃን በብዙ ከተሞች ይታያል፤ ሁሉም «ከኋላ ካለው ጋራ ጀርባ ወደቀ» ይላል። በጥር 2017 መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ እሳታማ ነገሮች ሲያልፉ የታዩ ጊዜ፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ የሰነበተበት ወቅት ስለነበር፣ ሰው ሁለቱን አያይዞ ተጨነቀ። የጠየቀኝን ሁሉ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ስንት ሴኮንድ?» ብዬ ነው።

ከሦስት እስከ ስድስት ደቂቃ ሳይብለጨለጭ፣ በአንድ ፍጥነት ሰማዩን ያቋረጠ ነጥብ ሳተላይት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሆኖ በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን ይዞራል፤ እኛ ጋ ሲያልፍ ከብዙ ኮከቦች ይደምቃል፣ አንዳንዴም መሐል ሰማይ ላይ ሳለ ድንገት ይጠፋል። የምድር ጥላ ውስጥ መግባቱ ነው። ሳተላይት የራሱ መብራት የለውም፤ የምናየው የፀሐይን ብርሃን ሲያንጸባርቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዝቅ ብለው የሚዞሩት በእኛ አገር የሚታዩት ከጀምበር መጥለቂያ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ገደማ፣ ወይም ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው። በእኩለ ሌሊት የታየን ብርሃን ሳተላይት ነው ብላችሁ አትገላገሉ። እንደ ዶቃ ተሰልፈው የሚሄዱት የስታርሊንክ ሳተላይቶች የመጀመሪያዎቹ 60 የተተኮሱት በግንቦት 2011 ነው፤ ከዚያ በፊት ለታየ ሰልፍ እነሱን አትጥሩ።

የሚብለጨለጭ ከሆነ መጀመሪያ አውሮፕላን ነው በሉ። በግራ ክንፉ ቀይ፣ በቀኝ ክንፉ አረንጓዴ መብራት አለው። ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ሲመጣ የማረፊያ መብራቱ ለደቂቃዎች ቆሞ የተንጠለጠለ ይመስላል፣ ሲታጠፍ ደግሞ ድንገት ይጠፋል። ፍላይትራዳር24 የሚባለው የበረራ መከታተያ ያለፉትን ጥቂት ቀናት በረራዎች መልሶ ያሳያችኋል። እዚያ ላይ አለመታየቱ ግን አውሮፕላን አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ሁሉም አይመዘገብም።

ድሮን የሚለው ቃል በዚህ ዘመን የሰውን ልብ ያርዳል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ጥርጣሬው ወደዚያ ከሄደ፣ ወይም አካባቢው ሰላም ካልሆነ፣ በሌሊት ወጥታችሁ ብርሃን አትከተሉ፤ የጸጥታ ተቋም ያለበትን ስፍራም ፎቶ አታንሡ። ማንም ስለ ሰማይ መብራት ብሎ መጎዳት የለበትም። የወደቀ ነገር ከተገኘም አትንኩ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ አሳውቁ። በታኅሣሥ 2017 ኬንያ፣ ማኩዌኒ ውስጥ ባለች መንደር የወደቀው የሮኬት ቀለበት 500 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። የመርዛማ ነዳጅ ቅሪት ያለበት ፍርስራሽም አለና ባለሙያ እስኪደርስ ርቆ መጠበቅ ነው።

ለሰዓታት የቆየ፣ ማታ ማታም የሚመለስ ብርሃን ከሆነ ደግሞ የምድር መብራት፣ ፕላኔት ወይም ኮከብ ነው። ቬኑስ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ በላይ ስለማትርቅ ወይ ማታ በምዕራብ ወይ ጠዋት በምሥራቅ እንጂ በእኩለ ሌሊት አናታችሁ ላይ አትገኝም። እናትየዋ ያዩት በማታ በምሥራቅ ነው። ቬኑስ አይደለችም።

በስልክ የተቀረጸ ካለ

ቪዲዮውን በቴሌግራም ሲልኩላችሁ «እንደ ፋይል» እንዲልኩት ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ይጨመቅና ቀኑና ሰዓቱ ሊጠፋ ይችላል። የስልክ ካሜራ በጨለማ ውስጥ ትኩረቱን ሲያጣ አንድ ኮከብ ጠርዝ ያለው፣ የሚተነፍስ ክብ ሳሕን መስሎ ይወጣል፤ ምስሉን ስታጎሉትም የሚሰፉት የምስሉ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ስልኩ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ በምስሉ ውስጥ ካለው የመንገድ መብራት በተቃራኒ ከተንቀሳቀሰ፣ መብራቱ በካሜራው መስታወት ውስጥ ያንጸባረቀው ነው። ወደፊት ሲቀርጹ ጣሪያ ወይም ዛፍ አብሮ እንዲገባ፣ ስልኩም ግድግዳ ላይ እንዲደገፍ አስተምሯቸው። ያለ መነሻ የተቀረጸ ነጥብ ምንም አይናገርም።

ተንብዩና አብራችሁ ጠብቁ

አሁን ወደ እናትየዋ እንመለስ። በአምስት ቀን ውስጥ ብርሃኑ ከዜናው ማለቂያ ወደ መጀመሪያው መጥቷል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ምድር ፀሐይን ስለምትዞር ኮከብ ሁሉ በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል። አምስት ጊዜ አራት ሃያ ነው። ስቴላሪየም የሚባለውን፣ በየትኛውም ቀንና ሰዓት ሰማዩን የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ ኅዳር 28፣ ከምሽቱ 2:37፣ 108 ዲግሪ ላይ ሳይ ሲሪየስ ከተረተሩ አናት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከሌሊት ኮከቦች ሁሉ ደማቋ።

ያን ጊዜ «ኮከብ ናት» ብዬ ብሄድ ከሌላ ሰው ግምት በምን ይለያል? ስለዚህ «እማማ፣ ነገ ማታ ከሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ፣ ከዚያ ከትልቁ ጉቶ በላይ ትወጣለች። መጥቼ አብረን እናያለን» አልኳቸው። በማግሥቱ ጋቢ ደርበን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ከማዶ ጅብ ይጮኻል። በታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ጌሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ወቅት ስለሆነ ስንጠብቅ ሁለት አለፉ፤ እሳቸው አማተቡ። ሁለት ሰዓት ከስምንት ሆነ፣ ከዘጠኝ ሆነ፤ ከዚያ ከጉቶው በላይ ቀይ ፍንጣቂ ታየ፣ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ።

«ይኸው መጣ! ይኸው ይንቀጠቀጣል!» አሉ። አልዋሹም፤ ለእኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዱካው አንሥቼ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ እንዲያስደግፉና ብርሃኑን በቆርቆሮው ጠርዝ ልክ እንዲይዙት አደረግሁ። «አሁንስ?» ስላቸው ቆየት ብለው «ቆመ» አሉ። በጨለማ ውስጥ አንዲት ነጥብ ላይ ያፈጠጠ ዓይን ነጥቧን ያንቀሳቅሳታል፤ ጠርዝ ሲያገኝ ያርፋል። ይህን ሙከራ ከማንም ምስክር ጋር አድርጉት። ቀለሙ ግን በጠርዙም አይጠፋም። አድማስ አጠገብ ያለ ኮከብ ብርሃን በብዙ አየር ውስጥ ተሰባብሮ ነው የሚደርሰን፤ ከፍ ስትል ነጭ ትሆናለች። አንድ ሰዓት ጠብቀን ነጭ ስትሆን አየናት። ከበላይዋ በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ኮከቦች አሳየኋቸው፤ መስመሩን ወደ ታች ቢከተሉት ሲሪየስ ላይ እንደሚያደርሳቸው፣ እኔ ባልኖርም ራሳቸው እንዲያገኟት።

«አምናም ነበረች?» አሉኝ።

«ነበረች እማማ፤ ከባሕር ዛፉ ጀርባ።»

ስልኩ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። ለልጃቸው የነገሩት የመጀመሪያ ነገር ስለ ኮከቧ ነበር፤ እዚያም ትታይ እንደሆን ወጥታ እንድታይ አዘዟት። ትታያለች፤ ጅዳ ከእኛ በስተ ሰሜን ስለሆነ ትንሽ ዝቅ ብላ።

ውጤቱን ስትጽፉ

ፈረንሳዮች ከ1977 እንደ ጎርጎርዮሳውያን ጀምሮ በብሔራዊ የጠፈር ማዕከላቸው ሥር እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን የሚመረምር ጄፓን የሚባል ክፍል አላቸው፤ ዛሬ ስሙ ጄይፓን ነው። አራት መደብ ይጠቀማሉ፤ እኔም ደብተሬ ላይ ያንኑ ወስጃለሁ። የመጀመሪያው «ታውቋል»፣ ሁለተኛው «ሳይሆን አይቀርም»፣ ሦስተኛው «መረጃው አይበቃም»፣ አራተኛው «መረጃው በቂ ሆኖ ሳለ አልታወቀም» ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን አታምታቱ። የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 1969 እንደ ጎርጎርዮሳውያን በቆየው ፕሮጀክቱ 12,618 ሪፖርቶችን መዝግቦ 701ዱን ሳይለይ ትቷል፤ ሰው ስለ 701ዱ ሲያወራ ከእነዚያ ስንቱ ሰዓትና አቅጣጫ በትክክል ተይዞለት እንደነበር አይጠይቅም። ያልታወቀ ነገር መኖሩ አያሳፍርም፣ እንግዳ ፍጡር መጣ ማለትም አይደለም። የሚያሳፍረው ባዶውን ቦታ በግምት ሞልቶ «ታውቋል» ማለት ነው።

ውጤቱን መጀመሪያ ለምስክሩ ንገሩ፣ ፊት ለፊት፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ። ያዩትን በትክክል እንዳዩ ንገሯቸው፤ እውነት ነውና። እናትየዋ ቀለሙን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አንድም አልሳቱም። መልሱ የተገኘው ከእሳቸው ምስክርነት ነው።

በደብተሬ ሦስተኛው መደብ ውስጥ ያለ አንድ ገጽ አሁንም አላስተኛኝም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኅዳር፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ጣርማ በር አካባቢ ጎማ ሲቀይር ከቆላው በላይ ብርቱካን መልክ ያለው ብርሃን አይቷል። ጎማው እስኪቀየር አልተንቀሳቀሰም፤ ከዚያ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ደብዝዞ ጠፋ። ሁለት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ፤ የቆመበትን ኩርባ ግን በእርግጠኝነት ሊያገኘው አልቻለም፣ ስለዚህ አቅጣጫ የለኝም። የሰደድ እሳት ሊሆን ይችላል፤ ሊሆን ይችላል ማለት ግን በደብተሩ ላይ አይጻፍም። ያን ማታ መብራት ይዞ የቆመለት ረዳቱ ሥራ ቀይሮ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ለፋሲካ ይመጣል ብለውኛል። ከሹፌሩ ጋር ሳይገናኝ በፊት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ተቀብዬ፣ ብቻውን ሆኖ እርሳሱን እሰጠዋለሁ።